የሬምብራንት የመጽሐፍ ቅዱስ ኤቺንጎች፦ ስለ ብርሃናቸውና ስለ ጨለማቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ሥዕሎች ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አንዱ "ለምን እንዲህ ጨለሙ?" ይላል። ሌላው "በእርሳስ ነው የተሣለው?" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ስልኩ ላይ ያጎላና "እዚህ ጥግ ላይ ሰው አለ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። አዎ፣ አለ። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ማን ነው የሚወራው?

ስለ ሬምብራንት ቫን ራይን። በ1606 ላይደን በምትባል የሆላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ ወፍጮ ነበር። አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው አምስተርዳም ነው፣ በ1669 የሞተውም እዚያው ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በትላልቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ነው። ግን ወደ 300 የሚጠጉ ኤቺንጎችም (ከመዳብ ሰሌዳ ወረቀት ላይ የሚታተሙ ሥዕሎች) ሠርቷል፤ በሕይወት እያለ ስሙን ከሆላንድ አልፎ ካዳረሱለት ሥራዎች መሃል እነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ሸራ ከተሰቀለበት ግድግዳ አይነቃነቅም፣ ወረቀት ግን በነጋዴ ሻንጣ አገር ያቋርጣል። እዚህ የማወራው ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ስለሠራቸው ነው፤ በተለይ ደግሞ ሌሊት ስላለባቸው።

ኤቺንግ ማለት ምን ማለት ነው?

ሠዓሊው የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ይወስድና በሰምና በሙጫ ድብልቅ ይቀባዋል። ከዚያ በመርፌ ይሥልበታል። መርፌው ሰሙን ፍቆ መዳቡን ያጋልጠዋል እንጂ መዳቡን አይቆርጠውም፤ ስለዚህ እጅ ሳይቸገር እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ወረቀት ላይ እንደ መሞነጫጨር ማለት ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ሰም ያለበትን ቦታ ትቶ የተጋለጠውን መስመር ይበላዋል። ብዙ ከቆየ መስመሩ ይጠልቃል፣ ጥልቅ መስመር ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ብዙ ቀለም ደግሞ የበለጠ ጥቁረት ነው።

ከዚያ በኋላ ሰሙ ይነሳል፣ ሰሌዳው ቀለም ይቀባል፣ ላዩ ይወለወላል። ቀለሙ መስመሮቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መሃል ተጨምቆ ያልፋል። የሚወጣው ምስል ተገልብጦ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ግራ የነበረው ወረቀቱ ላይ ቀኝ ይሆናል። ስሙ በትክክል እንዲነበብ ከፈለገ ሠዓሊው ሰሌዳው ላይ ወደኋላ መጻፍ አለበት።

ታዲያ ብርሃኑን እንዴት ሣለው?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይኼ ነው። መልሱ፦ አልሣለውም።

በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው ነጭ ቀለም አለው። ጨለማውን ከጨረሰ በኋላ እንኳ ብሩሹን ነጭ ውስጥ ነክሮ አንድ ሻማ ማብራት ይችላል። ኤቺንግ ላይ ይኼ የለም። ያለው አንድ ጥቁር ቀለምና አንድ ወረቀት ነው። በሬምብራንት ሥዕል ውስጥ የምታዩት ብርሃን በሙሉ፣ የመልአኩም ክብር፣ የዮሴፍም ፋኖስ፣ መርፌው ያልነካው ባዶ ወረቀት ነው። የተሠራው ጨለማው ነው። ጨለማው የሰዓታትና የቀናት ድካም ነው፤ መስመር በመስመር ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ሰያፍ፣ ልክ እንደ ሸማ ድርና ማግ እየተጠላለፈ ነው የተሸመነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው የማይነካውን ቦታ ማወቅ አለበት። መዳብ ላይ የተሳሳተ መስመር ማጥፋት ይቻላል፣ ግን መፋቅና እንደገና መወልወል ስለሚጠይቅ አድካሚ ነው፣ ምልክቱም አንዳንዴ ይቀራል።

በ1651 የሠራውን "ሌሊት ወደ ግብፅ ሽሽት" አጉልታችሁ እዩት። ትንሽ ነገር ነው፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ማርያም ሕፃኑን ይዛ አህያ ላይ ናት፣ ዮሴፍ ከፊት ፋኖስ ይዞ ይሄዳል። ሬምብራንት ወደ ሰሌዳው ደጋግሞ ተመልሶ መስመር ጨምሮበታል። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ሰዎቹ በደንብ ይታያሉ። በኋለኞቹ ሌሊቱ እየወፈረ ይመጣና ዓይናችሁ የሚይዘው ፋኖሱንና ከሱ የሚያመልጠውን ጭላንጭል ብቻ ነው። ፋኖሷ ላይ ሌንስ ብታደርጉ ምን ታገኛላችሁ? ባዶ ወረቀት።

"ድራይፖይንት" የሚሉትስ ከኤቺንግ በምን ይለያል?

አሲድ የለም፣ ሰም የለም። ጠንካራ ሹል ብረት ይዞ መዳቡን በቀጥታ መጫር ነው። ማረሻ መሬት ሲገባ ትልሙን ከፍቶ አፈሩን ወደ ጎን ይገለብጠዋል አይደል? ብረቱም መዳቡን ሲቀደው እንደዚያው ከመስመሩ ጎን ሻካራ ጠርዝ ያወጣል። ብዙ ሠዓሊዎች ያንን ጠርዝ ጠርገው ያነሱት ነበር። ሬምብራንት ተወው። ቀለም ሲቀባ ጠርዙ ቀለሙን ይዞ ያስቀራል፣ ሲታተምም መስመሩ ጥርት ብሎ ከመውጣት ይልቅ ዳር ዳሩ ይለሰልሳል፣ ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ጥቁር ይሆናል።

ችግሩ ጠርዙ ደካማ ነው። ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ይደቆሳል። ጥቂት አሥርት ቅጂዎች ከወጡ በኋላ ያ ለስላሳ ጥቁረት ይጠፋና ግራጫ መስመር ብቻ ይቀራል። ከአንድ ሰሌዳ ቀድሞ የወጣ ቅጂ ከኋለኛው እጅግ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ሬምብራንት በ1640ዎቹና በ1650ዎቹ ኤቺንግና ድራይፖይንትን እያደባለቀ ይሠራ ነበር፤ በ1653 እና በ1655 ግን ሁለት ትላልቅ ሥራዎቹን ሙሉ በሙሉ በድራይፖይንት ሠራቸው።

የአንድ ሥዕል ሁለት ቅጂዎች ለምን አንዳቸው ቀን፣ አንዳቸው ሌሊት ይመስላሉ?

ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛው ሰሌዳውን ራሱን መቀየሩ ነው፤ ጥቂት ያትምና ተመልሶ መስመር ይጨምራል ወይ ይፍቃል፣ ከዚያ እንደገና ያትማል።

ሁለተኛው አወላወሉ ነው። ተራ አታሚ የሰሌዳውን ላይ ጥርግ አድርጎ ያጸዳል። ሬምብራንት ግን አንዳንዴ ስስ የቀለም ሽፋን ሆን ብሎ ይተውበታል። ያ ሽፋን ወረቀቱ ላይ እንደ ጭስ ያርፋል። ብርሃን በሚፈልግበት ቦታ ላይ ብቻ በጨርቅ ወይ በጣት ይጠርገዋል። በ1654 ገደማ የሠራው "የክርስቶስ ቀብር" ላይ ይኼን እስከ ጫፍ ወስዶታል። የመጀመሪያው ቅጂ ጥርት ያለ የመስመር ሥዕል ነው፤ ዋሻው፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለቱ የራስ ቅሎች፣ ሥጋውን የሚያወርዱት ሰዎች፣ ሁሉም ይታያል። ቀጥሎ ሰሌዳውን በመስመር ሸፈነው። አንዳንዱን ቅጂ ደግሞ ቀለም ከላዩ ሳይጠርግ አተመው። እነዚያን ስታዩ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። ቆይታችሁ ዓይናችሁ ሲለምድ፣ መብራት በጠፋበት ቤት እንደገባ ሰው፣ ፊቶቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። በሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መርከቦች የመጣ የጃፓን ወረቀት ይጠቀም ነበር፤ ቢጫ ያዘለ፣ ሞቅ ያለ መልክ አለው፣ ቀለሙን ረጋ ብሎ ይቀበላል። አንዳንዴም ብራና ላይ ያትም ነበር። ብራና ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቀለምን እንደ ወረቀት ውጦ አያስቀረውም፣ ስለዚህ መስመሩ ዳሩ ላይ ፈሰስ ይላል። ለጨለማ ደግሞ ይኼ ይመቻል።

"ሦስቱ መስቀሎች" ላይ ምን ተፈጠረ? ሁለት የተለያየ ሥዕል አይደለም ወይ?

አንድ ሰሌዳ ነው። ግን ጥያቄው ልክ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አላመንኩም።

ሬምብራንት በ1653 የፈረመበት ይኼ ሥራ ትልቅ ነው፣ ወደ 38 በ45 ሳንቲ ሜትር። ሙሉ በሙሉ ድራይፖይንት ነው። ታሪኩን ሁላችንም ከስቅለት ንባብ እናውቀዋለን፦ "ከስድስት ሰዓትም ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በምድር ሁሉ ላይ ጨለማ ሆነ።" ለኛ ሰዓቱን መቀየር እንኳ አያስፈልግም፤ ስድስት ሰዓት ስንል እኩለ ቀን ነው። ጨለማው የመጣው ፀሐይ አናት ላይ ባለችበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ከላይ የብርሃን ዓምድ እንደ ድንኳን ተከፍቶ ይወርዳል። ክርስቶስ መሃሉ ላይ ነው። እግሩ ስር መቶ አለቃው ከፈረሱ ወርዶ እጆቹን ዘርግቶ ተንበርክኳል። ሴቶቹ በአንድ ወገን በሐዘን ወድቀዋል። ከፊት ሁለት ሰዎች ከቦታው ለመሸሽ እየተጣደፉ ነው። ሰው ሞልቶበታል፣ ሆኖም እያንዳንዱን መለየት ትችላላችሁ።

ከዚያ ሰሌዳው ደከመ። ጠርዙ ተደቁሶ ጥቁረቱ ሳሳ። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን የሳሳውን መስመር እንደነበረው አድሶ ማተሙን ይቀጥላል። ሬምብራንት ግን ብዙዎቹን ሰዎች ፍቆ አወጣቸው። አዳዲስ ሰዎች አስገባ፤ ከነሱ አንዱ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ፈረሰኛ ነው፣ መልኩን የወሰደው ፒዛኔሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሠራው ሜዳልያ ነው። ከዚያ ብረቱን ይዞ ከላይ ወደ ታች ረጃጅም መስመሮች አወረደበት። እጁ ሲፈጥን ይታያችኋል። መስመሮቹ እንደ ዶፍ ዝናብ ይወርዳሉ፣ የሰው ገላ ነው፣ ፈረስ ነው ሳይሉ ያቋርጣሉ። ከሁለቱ ወንበዴዎች አንዱ በጨለማው ሊዋጥ ምንም አልቀረውም። የብርሃኑ ዓምድ ጠቦ ክርስቶስ ላይ ብቻ ቀረ።

ለኔ የመጀመሪያው ቅጂ ስለ ሰዎቹ ነው፤ ማን አመነ፣ ማን ሸሸ፣ ማን አለቀሰ። በኋለኛው ላይ ሰዎቹን ለመቁጠር ጊዜ የለም። ጨለማው ራሱ እየመጣ ነው። የመጀመሪያውን የሚመርጡ አሉ፣ ውበት አለውና። እኔ የኋለኛውን እመርጣለሁ፤ ስቅለት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰማኝ እሱ ነው።

በ1655 ጲላጦስ ክርስቶስን ለሕዝብ ያቀረበበትን ሥዕል ሲሠራም ተመሳሳይ ነገር አደረገ። ከመድረኩ ፊት ቆሞ የነበረውን ሕዝብ በሙሉ ፍቆ በቦታው ሁለት ጥቁር ቅስቶች አስቀመጠ። አሁን ከጲላጦስ ፊት የቆመ ሰው የለም። ሥዕሉን የምናየው እኛ ነን እዚያ የቆምነው።

ጨለማ ያለበት ሁሉ ክፉ ነው? ብርሃን ያለበት ጥሩ?

አይደለም። ይኼን ለመረዳት "መቶ ጊልደሩ" ወደሚባለው ኤቺንግ ሂዱ። በ1648 ገደማ የጨረሰው ነው፣ ወደ 28 በ39 ሳንቲ ሜትር። ማቴዎስ ምዕራፍ 19ን አንድ ወረቀት ላይ ሰብስቦታል፦ ድውያን ሊፈወሱ ይመጣሉ፣ እናቶች ሕፃናት ይዘው ሲቀርቡ ጴጥሮስ ሊመልሳቸው እጁን ይዘረጋል፣ ሀብታሙ ወጣት አፉን በእጁ ይዞ ተቀምጦ ያስባል፣ በቀኝ በኩል በበሩ ግመል ይታያል። ግመሏ በመርፌ ቀዳዳ የምታልፈዋ መሆኗን ለኛ ማንም መንገር የለበትም።

አሁን ብርሃኑን ተከተሉት። በጣም የበራው ወገን የግራው ነው። እዚያ የቆሙት እነማን ናቸው? የሚከራከሩት ፈሪሳውያን ናቸው! በቀላል መስመር የተነካኩ፣ ጥላ እንኳ የሌላቸው። ከጨለማው የሚመጡት ደግሞ በቀኝ በኩል ያሉት በሽተኞች ናቸው፤ በጋሪ የመጣው፣ መሬት ላይ የተዘረጋችው፣ ተደግፎ የሚራመደው። ሬምብራንት ለነሱ የሰጠው መስመር የበዛ ነው፣ ፊታቸው የከበደ ነው። አስቡት፦ በሰው ዓይን የከበሩት ብርሃን ላይ ቆመው ቀለል ብለዋል፣ የተናቁት ከጨለማ ወጥተው ሥጋና ክብደት አላቸው።

አንድ ትንሽ ነገር ላሳያችሁ። ከክርስቶስ እግር ስር አንዲት ሴት ተንበርክካ እጆቿን ለልመና አንስታለች። የእጆቿ ጥላ የት እንዳረፈ እዩ። የሱ ልብስ ላይ ነው። በራሱ ብርሃን በተከበበው ላይ የአንዲት በሽተኛ ጥላ አርፏል። እዚህ ሥዕል ፊት ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ፣ ያቺን ጥላ ሳላያት የሄድኩበት ቀን የለም።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ያደግን ሰዎች ጥላ እንግዳ ይሆንብናል፤ የኛ ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው ሁለት፣ ብርሃናቸው ከየትም ሳይመጣ በራሱ ያለ ነው። ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ያንን ዓይነት ምልክት እዚህ ብትፈልጉ አታገኙትም። ብርሃኑ ማን ጥሩ እንደሆነ አይነግራችሁም፣ የት መመልከት እንዳለባችሁ እንጂ።

"መቶ ጊልደር" የሚለው ስም ከየት መጣ?

ከዋጋው፤ ጊልደር የሆላንድ ገንዘብ ነበር። በዚያ ዘመን ለአንድ ወረቀት ይኼን ያህል መክፈል የሚያስገርም ነበር፤ ለአንድ የእጅ ባለሙያ የወራት ገቢ ነው። ሰሌዳው በኋላ ዊልያም ቤይሊ የተባለ አየርላንዳዊ ካፒቴን እጅ ገባ። በ18ኛው መቶ ዘመን መስመሮቹን እንደገና ቆርጦ አተመው፣ በመጨረሻም መዳቡን ቆራርጦ ቁርጥራጮቹን ለየብቻ አተመ። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ከወጣትነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር የሚሠራው?

አልነበረም። በ1634፣ ሳስኪያን ባገባበት ዓመት፣ "መልአኩ ለእረኞች ሲገለጥ" የሚለውን ሠራ። እሱ የርችት ያህል ነው። ሰማዩ ይቀደዳል፣ መላእክት ይጎርፋሉ፣ ከታች ላሙም በጉም እረኛውም በየአቅጣጫው ይፈረጥጣል። ሉቃስ "ታላቅ ፍርሃትም ፈሩ" ያለውን ቃል በቃል ወስዶታል። በ1632 ገደማ የሠራው ትልቁ "የአልዓዛር ትንሣኤ" ላይም ክርስቶስ እጁን ሽቅብ አንስቶ ከጀርባው ይታያል፣ ሰዉ በድንጋጤ ወደኋላ ይላል።

በ1642 አልዓዛርን ደግሞ ሠራው፣ በትንሽ ሰሌዳ። እጅ ወደ ሰማይ የለም፣ ጩኸት የለም። ያ ዓመት ሳስኪያ የሞተችበት ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ማያያዝ ቀላል ነው፣ ግን እጠነቀቃለሁ፤ ሰው በሐዘን ምክንያት ብቻ አይለወጥም። የሚታየው ነገር ግን ግልጽ ነው፦ በ1650ዎቹ ብርሃኑ ከሰማይ መፈንዳቱን እየተወ ወደ ፋኖስ፣ ወደ ችቦ፣ ወደ አንድ ፊት ወርዷል። በዚሁ ዘመን ነው ኪሳራ የደረሰበት። በ1656 ንብረቱ ለዕዳ ተመዘገበ፣ ዝርዝሩ 363 ቁጥር አለው፣ ራሱ የሰበሰባቸው የሌሎች ሠዓሊዎች ህትመቶች በየመዝገቡ ታጭቀው እዚያ ውስጥ አሉ።

ጨለማውን የተማረው ከካራቫጆ ነው?

በቀጥታ አይደለም። ካራቫጆ በጥልቅ ጨለማና በደማቅ ብርሃን የታወቀ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነው፤ ሬምብራንት ግን ጣሊያን ሄዶ አያውቅም። ግን ሌሎች ሄደው ይዘውት መጡ። የኡትሬክቱ ሠዓሊ ሆንትሆርስት ሮም ውስጥ የሻማ ብርሃን ሥዕል በመሥራቱ "የሌሊቶቹ ጌራርዶ" ተብሎ ነበር። አምስተርዳም ውስጥ ሬምብራንትን ለጥቂት ወራት ያስተማረው ፒተር ላስትማንም ሮምን ያየ ሰው ነው። ሄንድሪክ ኻውት ደግሞ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤልስሃይመር የሣለውን ሌሊት ወደ ግብፅ ሽሽት በ1613 መዳብ ላይ ቀርጾ አሳተመ፤ ጨረቃና ከዋክብት ያሉበት ጥቁር ሌሊት በወረቀት ተሠራጨ። የላይደን ጓደኛው ያን ሊቬንስም አለ፤ የሱ አልዓዛር ላይ ከመቃብሩ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው ወደ ላይ የሚወጡት።

ከሁሉም የሚገርመኝ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሄርኩለስ ሴኸርስ ነው። ሬምብራንት የሱን የመዳብ ሰሌዳ አገኘ፣ ጦቢያና መልአኩ ያሉበትን። ሁለቱን ፍቆ በቦታቸው ማርያምንና ዮሴፍን ከነአህያቸው አስገባ። የመልአኩ ትልቅ ክንፍ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዛሬም ዛፎቹ መሃል ፈለጉ ይታያል።

ፕሮቴስታንት አገር ውስጥ የሃይማኖት ሥዕል ማን ይገዛ ነበር?

አብያተ ክርስቲያናቱ አይገዙም ነበር፤ ግድግዳቸው ነጭ ነው፣ ሥዕሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ምስሎች ከተሰባበሩበት ከ1566ቱ ሁከት ጀምሮ ወጥቷል። ቤት ውስጥ ግን ማንም አልከለከለም። መጽሐፍ ቅዱስ በ1637 በይፋ በደችኛ ታትሞ በየቤቱ ይነበብ ነበር። ህትመት ሰብሳቢዎችም ነበሩ፣ ወረቀቶቹን በመዝገብ እያስቀመጡ ጠረጴዛ ላይ በሻማ የሚያዩ። እነዚህ ሥዕሎች ለግድግዳ አልተሠሩም፣ በእጅ ተይዘው ቀረብ ተደርገው እንዲታዩ ነው የተሠሩት። ሁሉም ገዢ ፕሮቴስታንት እንዳልነበረም አትርሱ፤ በ1639 የእመቤታችንን ዕረፍት፣ እኛ በአስተርእዮ የምናስባትን፣ መላእክት ከላይ በብርሃን ሲወርዱ አድርጎ ሠርቷል።

ኢትዮጵያዊ የሣለበት አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ከአንድ ጊዜ በላይ ሠርቷል። የህንደኬ ጃንደረባ በፊልጶስ ሲጠመቅ በ1626 በዘይት ቀለም ሣለው፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ፤ ሥዕሉ ኡትሬክት ካታሪነኮንቬንት ሙዚየም አለ። በ1641 ደግሞ በኤቺንግ ሠራው። ጃንደረባው ተንበርክኳል፣ አጃቢዎቹና ፈረሰኛው ቆመው ይጠብቁታል። ሬምብራንት ኢትዮጵያን አያውቅም፣ ልብሱም ጥምጣሙም ከአምስተርዳም ሰው ስለ ምሥራቅ ካለው ሐሳብ የመጣ ነው። እና ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ነገር፦ ይኼ ኤቺንግ ጨለማ የለውም። ቀን ነው፣ አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነው። ጨለማ የሚገባው ታሪኩ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

የት ማየት ይቻላል?

አምስተርዳም ከሆናችሁ ራይክስሙዚየምና ሬምብራንት ራሱ የኖረበት ቤት አለ። ቤቱን በ1639 በ13,000 ጊልደር ነው የገዛው፣ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ኤቺንግ እንዴት እንደሚታተም እያሳዩም ያስረዳሉ። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታንና ሞርጋን፣ ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ትልልቅ ስብስብ አላቸው። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ መግቢያው ነፃ ነው።

ልብ በሉ፤ ወረቀት በብርሃን ስለሚጎዳ ሁልጊዜ አይሰቀሉም። ብዙዎቹ በሣጥን ነው የሚቀመጡት። ቀድማችሁ ቀጠሮ ብትይዙ ግን የህትመት ማያ ክፍሎቹ ያወጡላችኋል፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። መሄድ ካልቻላችሁ ራይክስሙዚየም ምስሎቹን በከፍተኛ ጥራት ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል።

አንድ ሰው "ኦሪጅናል ሬምብራንት" ሊሸጥልኝ ነው፤ ልግዛ?

ቆይ፣ አትቸኩል። ሬምብራንት ከሞተ በኋላ ሰሌዳዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ለዘመናት ታትመውባቸዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ባሳን የተባለ ነጋዴ ከ80 የማያንሱ ሰሌዳዎች ይዞ እያደሰ ያትም ነበር። ከሱም በኋላ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ታትመዋል። ከእውነተኛው ሰሌዳ የወጣ ነው ማለት ሬምብራንት ያተመው ነው ማለት አይደለም። ወረቀቱን፣ ውሃ ምልክቱን (ወረቀቱ ብርሃን ላይ ሲያዝ የሚታየውን የወረቀት ሠሪ ምልክት) እና የመስመሩን ጥቁረት የሚያውቅ ሰው ሳያየው ገንዘብ አይከፈልም።

አንድ ብቻ ልይ ብል የትኛውን?

በ1654 የሠራውን "ከመስቀል ማውረድ በችቦ ብርሃን"። 21 በ16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በኢንተርኔት አውጡትና ስልካችሁን ሳይሆን ትልቅ ስክሪን ተጠቀሙ፣ ክፍሉን አጨልሙ።

ከላይ አንድ ሰው ችቦ ይዟል። ሰዎቹ ሥጋውን በጨርቅ እያወረዱ ነው። ከታች፣ ከፊት ለፊት፣ ቃሬዛው ላይ መገነዣው ተዘርግቶ ይጠብቃል፣ ችቦው እዚያም ደርሶ አብርቶታል። በሁለቱ መሃል ጨለማ ነው። ከዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ እጅ ይወጣል። የሰውየውን ገላ ለማየት ትቸገራላችሁ። እጁ ግን ወደ ላይ ተዘርግቶ የሚወርደውን ሥጋ ሊደግፍ፣ ጣቶቹ ተከፍተው፣ ብርሃን ውስጥ ብቻውን ቆሟል።

አጉሉትና ጣቶቹን እዩ። አንድ ሁለት መስመር ነው ያለው። የቀረው በሙሉ ያልተነካ ወረቀት ነው።